በቀትር የመጣው ሰው

በእኛ አገር መርዶ በቀትር አይነገርም። ሰው ሞቶ እንደሆነ ለቤተሰቡ የሚነገረው በማለዳ ነው፤ ጀንበር ሳትወጣ፣ ቤተሰቡ እህል ሳይቀምስ። ነጋሪውም ብቻውን አይመጣም። የንስሐ አባት፣ ሽማግሎችና የቅርብ ጎረቤቶች ተሰባስበው፣ ድምፃቸውን አጥፍተው ደጅ ይቆማሉ። ስለዚህ ልጁ ርቆ የሄደበት ሰው ማለዳን ይፈራል። ውሻው ንጋት ላይ ሲጮኽ ልቡ ድንግጥ ይላል። ፀሐይ አናት ላይ ከወጣች በኋላ ግን «ተመስገን፣ የዛሬው አለፈ» ብሎ ወደ ሥራው ይመለሳል።

ሐብቴ ይህን አያውቅም ነበር። ታሪኩን የሰማሁት ከራሱ ነው፤ ቡሬ ገበያ ዳር ባለው ወፍጮ ቤት እህሌን ላስፈጭ ተራ ስጠብቅ፣ ዛሬ ጥቂት፣ ሌላ ጊዜ ጥቂት እያለ አጫወተኝ። የቀረውን ጎረቤት ነኝና በዓይኔ አይቻለሁ።

ሐብቴ የደብረ ዘይት ልጅ ነው። እናትና አባቱን አያውቅም፤ ያሳደጉት አክስቱ ነበሩ። እሳቸው ሲሞቱ ገና ጎረምሳ ሳለ አየር ኃይል ገባ። ትጥቅ ክፍል መደቡት፤ ሥራው አውሮፕላን ላይ ቦምብ መጫን ሆነ። በዚያን ዘመን አገራችን ካንቤራ የሚባሉ ጥቂት ቀላል ቦምብ ጣይ አውሮፕላኖች ነበሯት። ሐብቴ ሆዳቸው ሥር ገብቶ ቦምቡን ያነሣል፣ ያጠብቃል፣ ይፈትሻል።

ከአውሮፕላኖቹ በአንደኛዋ የሚበር አንድ የቡሬ ልጅ ነበረ፤ መቶ አለቃ ክንፈሚካኤል ይባላል። መንገድ መሪ ነው። አብራሪውን «በዚህ ታጠፍ፣ አሁን ደረስን» የሚለው እሱ ነው። ዒላማው ላይ ሲደርሱም በአውሮፕላኗ አፍንጫ ውስጥ በደረቱ ተኝቶ፣ በመስታወቱ ቁልቁል እያየ ቦምቡን ይለቃል።

መኮንንና ተራ ወታደር ወዳጅ ሲሆኑ ብዙ አይታይም። እነዚህን ያወዳጃቸው ቆሎ ነው። ክንፈሚካኤል እናቱ የሚልኩለትን የገብስ ቆሎ በበረራ ልብሱ ኪስ ይይዛል። አውሮፕላኗ ላይ ከመውጣቱ በፊት ጥቂት ይቆረጥምና የቀረውን ለሐብቴ ያስጨብጠዋል።

«ያዝልኝ። ስመለስ እበላዋለሁ።»

«ባትመለስስ?» ይላል ሐብቴ። ወታደር በሞት ይቀልዳል።

«እንግዲያማ አንተ ብላው። ለእናቴም 'ጨው አንሶታል' ብለህ ንገርልኝ። እኔ ስላት አትሰማኝም።»

ቆሎውን እየቆረጠሙ ስለ ቡሬ ይጫወታሉ። ክንፈሚካኤል ሲያወራ አገሩ ይታያል፦ ወደ ፈጣም ወንዝ የሚወርደው መስክ፣ ከደጃቸው ያለችው ትልቅ ዋንዛ፣ ወንዶቹን ሳይቀር በድንጋይ የምታባርረው እኅቱ ባንቺአየሁ፣ የሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ደወል። ሐብቴ አገር ቤት የሚባል ነገር ኖሮት አያውቅም። የሰው አገር ቤት እየሰማ ናፈቀ።

አንድ ጊዜ፣ ገና አገር ሰላም ሳለ፣ የልምምድ በረራ በጎጃም ላይ ወጣላቸው። ክንፈሚካኤል አስቀድሞ ለእናቱ፣ ለወይዘሮ ወለተ ጊዮርጊስ፣ መልእክት ላከ፦ «በኅዳር ሚካኤል ቀን፣ በቀትር፣ በላያችሁ አልፋለሁ። ከላይ ሰው አይለይምና ነጭ ጋቢ መስኩ ላይ አንጥፉልኝ።» እናቲቱ አዲስ ጋቢ አወጡና መስኩ ላይ ዘረጉ፤ ነፋስ እንዳይወስደው ጫፍ ጫፉን ድንጋይ ጫኑበት። አውሮፕላኗ ከደቡብ መጣች። ከብቱ ፈረጠጠ፤ ሕዝቡ እልል አለ። ክንፈሚካኤል ተመልሶ ለሐብቴ ሲነግረው ዓይኑ እንባ ሞልቶ ነበር። «ጋቢው የጥፍር ያህል ነጭ ሆኖ ታየኝ» አለው። «ሐብቴ፣ እናቴን ከሰማይ አየኋት እኮ!»

ከዚያ በኋላ ጦርነት መጣ። በ1969 ክረምት የሶማሊያ ጦር ድንበር ጥሶ ሲገባ ካንቤራዎቹ ወደ ምሥራቅ ተዛወሩ። ከድንበሩ ማዶ አንድ የጠላት አየር ማረፊያ ነበር። ከዚያ የሚነሡት አውሮፕላኖች እግረኛውን ጦራችንን ቀን ቀን ይቀጠቅጡታል። መንደርደሪያው ተመትቶ አውሮፕላኖቹ እንዳይነሡ ይደረግ ተባለ። ሁለት ካንቤራዎች ታዘዙ።

ሐብቴ በዚያ ማለዳ ቦምቦቹን በእጁ ጫነ። ክንፈሚካኤል እንደ ልማዱ ቆረጠመና የቀረውን ቆሎ አስጨበጠው። ያን ቀን አልቀለደም፤ ወደ ሰማዩ ብቻ አየ። «ጭጋጉ ይገለጥልናል» አለና ወጣ። ሁለቱ አውሮፕላኖች ተከታትለው ተነሡ፣ ዝቅ ብለው ወደ ድንበሩ ታጠፉ፣ ድምፃቸው ጠፋ።

ትጥቅ ክፍል ሰው የሚጠብቀው በጆሮው ነው። ሐብቴ ሜዳው ላይ ቆሞ ቆየ። በመጨረሻ ድምፅ ሰማ፤ የአንድ አውሮፕላን ድምፅ ብቻ። የወረደው አብራሪ ውኃ ጠጥቶ እስኪያበቃ ማንም አልጠየቀውም። ኋላ እንዲህ አለ፤ ቦምባቸው መንደርደሪያውን መሐል ለመሐል ከፍቶታል፤ ሁለተኛዋ፣ ክንፈሚካኤል ያለባት ካንቤራ፣ የቆሙትን አውሮፕላኖች ለመምታት ዳግመኛ ተመለሰች፤ ስትመለስ ከምድር ተኮሱባት፤ ክንፏ ሲጨስ አይቷል፤ ከዚያ በኋላ አላያትም።

ግዳጁ ተሳካ ተባለ። እግረኛው ጦር ሰንብቶ እፎይ አለ። ሐብቴ ግን ቆሎውን እጁ ላይ እንደያዘ ዋለ።

ሞተ የሚል የለ፣ አለ የሚል የለ፣ ዓመታት አለፉ። ሁለቱ አገሮች እስረኞች ሲለዋወጡ ተስፋው የሚባል የቆየ እስረኛ ከማዶ ተመለሰ። ሐብቴ ሆስፒታል ድረስ ሄዶ ጠየቀው። ተስፋው ያየውን ነገረው። አውሮፕላኗ የወደቀችው እዚያው መንደርደሪያው ጫፍ ላይ ነው። በሕይወት የወጣ የለም። የአገሬው እረኞች ሦስቱን በአንድ ጉድጓድ ቀብረው ድንጋይ ከምረውባቸዋል፤ ተስፋው እስረኛ ሆኖ እዚያ አካባቢ ሲሠራ ክምሩን በዓይኑ አይቷል።

እንግዲህ ሐብቴ ያወቀው ይህን ነበር፤ የክንፈሚካኤል እናት ያላወቁትም ይህንኑ።

በ1983 መንግሥት ተለወጠ። የቀድሞው ጦር ሲበተን ሐብቴም ከሌሎቹ ጋር በአንድ ማሠልጠኛ ሠፈር ወራት ቆየ። ከዚያ «ወደየአገራችሁ» ተባሉ። አንድ ታጋይ ተራ በተራ ይጠይቃቸዋል።

«አገርህ የት ነው?»

ሐብቴ ደብረ ዘይት ሊል አፉን ከፈተ። ደብረ ዘይት ግን የሚጠብቀው አንድ ሰው አልነበረም።

«ቡሬ» አለ።

«ጎጃም?»

«ጎጃም።»

«ጎጃሜ አትመስልም።»

«ውጭ ቆይቼ ነው» አለ ሐብቴ። ጎጃም በሚሄደው መኪና አሳፈሩት። «የዋሸሁ አልመሰለኝም» አለኝ ሲነግረኝ። «ከቡሬ በቀር የማውቀው አገር አልነበረኝም።»

ፍኖተ ሰላም አድሮ በማግሥቱ በእህል መኪና ቡሬ ገባ፤ ከዚያ በእግሩ። ማንንም መንገድ ሳይጠይቅ ሄደ። ዋንዛዋን ከሩቅ አወቃት። ከዋንዛዋ ወዲያ መስኩ ላይ፣ ጫፍ ጫፉ ድንጋይ የተጫነበት ነጭ ጋቢ ተዘርግቷል። ቀኑ ኅዳር ሚካኤል ነበረ። ወይዘሮ ወለተ ጊዮርጊስ ከዚያ በረራ ወዲህ በየዓመቱ በዚያ ቀን፣ በዚያ ሰዓት፣ ጋቢውን ማንጠፍ ትተው አያውቁም።

ሐብቴ ጋቢው አጠገብ ፈዝዞ ቆመ። ከአጥሩ ውስጥ አንዲት ሴት የጠላ ማንቆርቆሪያ እንደያዘች ብቅ አለች።

«ምነው አንተ ሰው፣ ጋቢው እንደሆነ አይሸጥም!»

«ባንቺአየሁ ነሽ?» አላት።

ማንቆርቆሪያው ከእጇ ወደቀ። የማታውቀው ሰው ስሟን ጠራት።

«እኔ የክንፈሚካኤል ጓደኛ ነኝ። ከደብረ ዘይት ነው የመጣሁ።»

«እናቴ! ኧረ እናቴ! ከክንፈ ዘንድ ሰው መጣ!»

ቤቱ የሚካኤል ዝክር ነበረበት፤ ጎረቤት ሞልቷል፣ እኔም ነበርሁ። ወይዘሮ ወለተ ጊዮርጊስ ወጡ። ሐብቴን ከእግር እስከ ራሱ አዩት። የጠየቁት ሌላ ነገር አልነበረም።

«ልጄ፣ ብቻህን ነህ?»

«አዎ፣ ብቻዬን ነኝ።»

አንገታቸውን ቀና አድርገው ፀሐይዋን አዩ። አናት ላይ ነበረች። ከኋላው ሽማግሌ የለ፣ ቄስ የለ። ወዲያው መሬት ላይ ተንበርክከው የሐብቴን ጉልበት ሳሙ። ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት። እሱ ጉሮሮውን እየጠረገ «እናቴ፣ እኔ የመጣሁት...» ሲል ባንቺአየሁ ዳቦውን በአፉ ሞላችበት።

«መጀመሪያ ብላ! የምሥራች በባዶ ሆድ አይወራም!»

በዚህ መሐል ደስታውን ያልተካፈሉት አንድ ሰው ብቻ ነበሩ፤ የቤቱ የንስሐ አባት ቄስ ገነነ። የእንግዳውን ፊት ሲያዩ ቆዩና ዋንዛዋ ሥር ጠሩት።

«ልጄ፣ የያዝኸው ምንድን ነው?»

ሐብቴ ነገራቸው። አየር ማረፊያውን፣ ክንፏ ሲጨስ የታየችውን አውሮፕላን፣ ተስፋው ያየውን የድንጋይ ክምር። ቄስ ገነነ ማተባቸውን ይዘው ሰሙት።

«ታዲያ ይህን ይዘህ በቀትር ትመጣለህ?»

«ስንት ሰዓት መምጣት ነበረብኝ አባቴ?»

ቄሱ ሊቆጡ ነበር፤ ፊቱን ሲያዩ ግን ተዉት። «በደብረ ዘይት መርዶ እንዴት ነው የሚነገረው?» አሉ።

«እኔን ያሳደጉኝ አክስቴ ሲሞቱ የነገረኝ የለም። አጠገባቸው ነበርሁ» አለ ሐብቴ።

በማግሥቱ ማለዳ በወጉ ሊያረዷቸው ቄስ ገነነ ሽማግሎቹን ሰብስበው ሄዱ። ሌሊቱን ቄሱ ቤት ያደረው ሐብቴም ከኋላ አለ። ገና አጥሩ ዘንድ ሲደርሱ ውሻው ጮኸ። ከውስጥ የወይዘሮ ወለተ ጊዮርጊስ ድምፅ መጣ።

«ማን ነው?»

«እኔ ነኝ፣ ቄስ ገነነ።»

«ብቻዎን ነዎት?»

ቄሱ ወደ ሽማግሎቹ ዞር አሉ።

«አባቴ፣ ውሻዬ ለእርስዎ ጮኾ አያውቅም። ብዙ ሆናችሁ ነው የመጣችሁ። ትናንት ሚካኤል በቀትር የሰጠኝን ዛሬ በማለዳ ልትወስዱብኝ ነው? ሂዱልኝ። ያልሰማሁት ነገር አልሆነም።»

በሩ አልተከፈተም። ሽማግሎቹ ተያዩ። ቄስ ገነነ በመቋሚያቸው ተደግፈው ጥቂት ቆሙና «መርዶ በግድ አይነገርም» ብለው ተመለሱ።

ረፋዱ ላይ ወይዘሮ ወለተ ጊዮርጊስ ምንም እንዳልሆነ ሁሉ ወጡ፤ ላሟን አሰማሩ፣ ለሐብቴም ምሳ አቀረቡለት። «ትቆያለህ አይደል?» ብቻ አሉት። እሱም ቆየ።

ቡሬ ወፍጮ ቤት የሞተር ጠጋኝ ሆኖ ገባ። ቅዳሜ ከሰዓት ወደ እሳቸው ይሄዳል፤ አጥር ያጥራል፣ እንጨት ይፈልጣል፣ እሑድ አብሯቸው ያስቀድሳል። ባንቺአየሁ ከቡሬ ማዶ ከትዳሯ በመጣች ቁጥር «ይኸ ደብረ ዘይቴ አሁንም ገብስና ስንዴ አይለይም!» እያለች ትስቅበታለች። እሱም «ሁለቱም ወፍጮ ሲገቡ አንድ ናቸው» ይላታል። ፍቅራቸው እንደ እኅትና ወንድም ነበር።

ስለ ክንፈሚካኤል ያወራሉ፤ ስለ ልጅነቱ፣ ስለ ሳቁ፣ ጋቢውን ከሰማይ ስላየበት ቀን። ወሬው ወደ ጦርነቱ ሲቀርብ ግን ወይዘሮ ወለተ ጊዮርጊስ ይነሡና እሳት ይቆሰቁሳሉ። ሐብቴም ወሬውን ይለውጣል።

ቄስ ገነነን ይህ ነገር ያስጨንቃቸው ነበር። የክንፈሚካኤል ስም ዛሬም በሕያዋን ጸሎት ይነሣል። ፍትሐት አልተደረገለትም፤ ተዝካሩ አልወጣም። እናቲቱም እያረጁ ነው። አንድ ቀን በዘዴ ሊያግባቧቸው ሞከሩ።

«ወለተ ጊዮርጊስ፣ እኩዮችሽ ሁሉ ቆብ ጫኑ። አንቺስ ብትመነኩሺ?»

«አባቴ፣ ልጄን ሳልድር ምን ቆብ ያስጭነኛል? የሙሽራ እናት በቆብ ስትጨፍር አይተው ያውቃሉ?»

ቄሱ ሳቁ፤ ወደ ቤታቸው ሲመለሱ ግን አለቀሱ። ልጁ ያለ ፍትሐት እንዳይቀር፣ እናቲቱም እርም ሳያወጡ እንዳይሞቱ ብለው በየቅዳሴው ይለምኑ ነበር። እኔም እንደ አቅሜ ጸልያለሁ።

በ1990 እንደገና ጦርነት ተነሣ፤ አሁን በሰሜን። የቀድሞ የአየር ኃይል ባለሙያዎች ይፈለጋሉ ተባለ። ወፍጮ ቤት ያለው ሰው ሁሉ በሐብቴ አላገጠ።

«ትናንት የደርግ ወታደር ብለው ያባረሩህ ዛሬ ምን ቸግሯቸው ፈለጉህ?»

«ሂድ እንጂ፣ ቦምብ ከዱቄት ይሻላል፤ አያስነጥስም!»

ሐብቴ አልመለሰላቸውም። ሊሄድ የፈለገበትን ምክንያት ለእኔ ነግሮኛል። «አንድ ጊዜ አውሮፕላን ጭኜ ላክሁ፤ አልተመለሰችም» አለኝ። «ከዚያ ወዲህ ጆሮዬ ሰላም የለውም። ሄዳ የምትመለስ መስማት እፈልጋለሁ።»

ለወይዘሮ ወለተ ጊዮርጊስ ሲነግራቸው ያበጥሩት የነበረውን ገብስ አስቀመጡ።

«አንተም ልትሄድ ነው?»

«እኔ አልበርም እናቴ። ምድር ላይ ነው የምሠራው።»

«ምድሩስ ቢሆን የእግዚአብሔር ነው እንጂ የአንተ ነው?» አሉ። ገብሱን እንደገና አነሡ። «እሽ። አንድ ነገር ግን እለምንሃለሁ። በማለዳ ሰው አይምጣብኝ። ማለዳ መቆም አልችልም።»

«እኔው ራሴ እመጣለሁ» አላቸው። «እንደ መጀመሪያው፣ በቀትር። በቀትር ይጠብቁኝ።»

ቆሎ ቆልተው ቋጠሩለት። ሄደ።

ጦርነቱ ተራዘመ። ወይዘሮ ወለተ ጊዮርጊስ ከዚያ ቀን ጀምሮ ጋቢውን ኅዳር ሚካኤልን ሳይጠብቁ በየወሩ በአሥራ ሁለት ያነጥፉት ጀመር። ማለዳ ማለዳ ኪዳን ሊያደርሱ ሲወጡ መጀመሪያ በሩን በጥቂቱ ከፍተው ደጁን ያያሉ። ሰው ከሌለ ያማትባሉ፤ ይወጣሉ። አንድ ቀን «የሁለት ልጅ ናፍቆት ይከብዳል» ስላቸው፣ «ሁለት ዓይነት ነው ልጄ» አሉኝ። «አንዱን ስናፍቅ መንገዱን አያለሁ። ሌላውን ስናፍቅ የማየው መንገድ የለኝም፤ ሰማዩን ብቻ ነው።» ይህን ሲሉ ውስጣቸው እውነቱን ከመጀመሪያው እንዳወቀ ገባኝ።

ሐብቴ ሰሜኑ ጦር ሠፈር እንደገና አውሮፕላን ሥር ገባ። አውሮፕላኖቹ የዱሮዎቹ አልነበሩም፤ ካንቤራ ታሪክ ሆናለች። ሥራው ግን ያው ነው። አንድ ማለዳ ለአንድ ወጣት አብራሪ ቦምብ ጫነ፤ ግዳጁ የጠላት አየር ማረፊያ መምታት ነበረ። ሲጨርስ ከቋጠሮው ቆሎ አወጣና ለልጁ ሰጠው።

«ግማሹን ብላ፣ ግማሹን ተወው። ስትመለስ ትበላዋለህ።»

«ጋሼ፣ ጥንቆላ ነው እንዴ?» ብሎ ሳቀ ልጁ።

«አይደለም። የእናት ቆሎ ነው።»

አውሮፕላኗ ሄደች። ሐብቴ ሜዳው ላይ ቆሞ ጆሮውን ሰጠ። ተመለሰች። ልጁ ወርዶ «ቆሎዬስ?» ሲል ሐብቴ እንደ ሕፃን አለቀሰ። የዓመታት እንባ ነበረ።

ሰላም ሲወርድ በ1993 አሰናበቱት። ፍኖተ ሰላም ሲደርስ መሽቶ ነበርና አደረ። ወደ ቡሬ ገበያ እህል የሚጭን አይሱዙ ገና ሳይነጋ ሲነሣ አገኘና ናፍቆት ገፋፍቶት ተሳፈረ። ሰዓቱን ያሰበው ከቡሬ ወርዶ ዋንዛዋ ዘንድ ሲደርስ ነው። ገና ጎህ ይቀዳል። ውሻው አሸተተው፤ አወቀውና ጭራውን ቆላ። ሐብቴ እጁን ለማንኳኳት አነሣ፤ መልሶም አወረደው። በቀትር ብሏል። ቦርሳውን መሬት አስቀመጠና አጥሩን ተደግፎ፣ ቀትር እስኪሆን ሊጠብቅ ቁጭ አለ።

ወይዘሮ ወለተ ጊዮርጊስ ለኪዳን ሊወጡ በሩን እንደ ልማዳቸው በጥቂቱ ከፈቱ። አጥሩ ሥር ሰው ተቀምጧል። ልባቸው ቀጥ አለች።

«ማን ነህ? ከማን ጋር ነህ?»

«ብቻዬን ነኝ እናቴ። ሐብቴ ነኝ።»

«ሐብቴ? ደህና ነህ? እግርህ፣ እጅህ?»

«ሁሉም አለ።»

«ታዲያ ደጅ ምን ትሠራለህ?»

«ቀትር እስኪሆን ነው» አላቸው። «በቀትር እመጣለሁ ብዬዎት የለ? በማለዳ እንዳላስደነግጥዎት ብዬ ነው።»

ወይዘሮ ወለተ ጊዮርጊስ በሩን ወለል አድርገው ከፈቱት። ከዚያ ሳቅ መጣባቸው።

«እስከ ቀትር? በዚህ ብርድ? ኧረ አንተ ሞኝ ደብረ ዘይቴ!» ሳቁ ሳያልቅ እንባው ቀደመው። ቀስ ብለው አጠገቡ መሬት ላይ ተቀመጡ። ጎህ እየቀደደ ነው፤ ከሚካኤል የኪዳን ደወል ይሰማል። የበረደውን እጁን በእጃቸው መሐል ያዙ።

«እኔን ላለማስደንገጥ ብርድ ላይ የሚቀመጥ ልጅ እግዚአብሔር ሰጥቶኛል» አሉ በመጨረሻ። «እንግዲህ ብሰማም አልወድቅም፤ የሚይዘኝ አለ። ማለዳ ነው፤ ሰዓቱ ነው። ንገረኝ።»

ሐብቴ ነገራቸው። ስለ አየር ማረፊያው፣ አውሮፕላኗ ዳግመኛ ስለ መመለሷ፣ ስለ ድንጋዩ ክምር። እስኪጨርስ ዓይናቸውን ከሰማዩ አላነሡም። ከዚያ የእናት ጥያቄ ጠየቁ።

«በልቶ ነው የሄደ?»

«ቆሎ በልቷል። የእርስዎን። የቀረውን ለእኔ ሰጠኝ።»

«ምን አደረግኸው?»

«ቀኑን ሙሉ ይዤው ዋልሁ። ሲመሽ በላሁት። ባልመለስ አንተ ብላው ብሎኝ ነበር።» ሐብቴ ትንሽ አመነታ። «አንድ ነገርም ንገርልኝ ብሎኛል። 'ጨው አንሶታል' በላት አለኝ።»

ወይዘሮ ወለተ ጊዮርጊስ ሁለት እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። «የእኔ ልጅ!» አሉ። «እውነት ነው፣ ልጄ ነው! ከሕፃንነቱ እንዲህ ሲለኝ ነው ያደገ! አንድ ቀን እንኳ አልጨመርሁለትም!» ያን ጊዜ የጮኹት ጩኸት ቡሬ መንገድ ድረስ ተሰማ። ጎረቤቱ ሁሉ ግር ብሎ ወጣ። ቄስ ገነነ ኪዳኑን አድርሰው ከነመስቀላቸው መጡ፤ እናቲቱን ከሐብቴ ትከሻ ላይ አገኟቸው።

ለቅሶው በወጉ ተለቀሰ። አስከሬን ስለሌለ ነጩን ጋቢ አልቃሹ መሐል ዘረጉት። ባንቺአየሁ ወንድሟን በሰማይ እንደበረረ እያነሣች አሞገሰችው። ፍትሐቱ ተፈታ፤ ስሙም ወደ ዕረፍት ጸሎት ተሻገረ። ተዝካሩም ወጣ። ከዚያ በኋላ ወይዘሮ ወለተ ጊዮርጊስ ቆብ ጫኑ፤ እማሆይ ሆኑ። ጋቢውን ለሐብቴ አለበሱት። «መሬት ላይ ሲነጠፍ ኖሯል፤ አሁን ሰው ይሙቅበት» አሉ።

በሚቀጥለው ኅዳር ሚካኤል ዝክር ቤታቸው ተገኘሁ። ቀትር ሲሆን እማሆይ ወለተ ጊዮርጊስ እንደ ልማድ ወደ መስኩ ወጡ፤ ባዶ እጃቸውን ነበሩ። ጥቂት ሰማዩን አይተው ተመለሱ። ከዚያ ለሁላችንም የገብስ ቆሎ በእጃቸው አደሉን። ሐብቴ ጋቢውን ተከናንቦ መጀመሪያ ቆረጠመ፤ እኛም ቆረጠምን። ጨው በዝቶበት አፍ ያቃጥል ነበር። ማንም ምንም አላለም፤ እስከ መጨረሻዋ ፍሬ በላነው።